ከኪሱሙ እስከ አራት ኪሎ

የተባበሩት መንግሥታት የናይሮቢ ጽሕፈት ቤት በሚገኝበት በጊጊሪ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወጣት እንግሊዝኛውን በትምህርት ቤት፣ ስዋሂሊውን ደግሞ በገበያና በማታቱ ውስጥ ይቀስማል። ትምህርትና ቋንቋ ፍለጋ ድንበር መሻገር ግን የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኬንያ በቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩት የኬንያ ወጣቶች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1958 በአክራ በተካሄደው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ፣ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ከተቀላቀሉት የውጭ ተማሪዎች አንዱ በኪሱሙ አቅራቢያ የተወለዱት ሮበርት ኦኮ ነበሩ። ዕድሜያቸው 27 ሲሆን፣ አስቀድሞም በመምህርነት አገልግለዋል።

በአራት ኪሎው ኮሌጅ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበርና፣ እንግዳውና አስተናጋጁ የሚግባቡት የሁለቱም አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ ነበር። ከግቢው ውጭ ግን ሌላ ዓለም ይጠብቃቸዋል። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ ብሎ ደንግጎ ስለነበር፣ አዋጁም ጋዜጣውም በፊደል ይታተማል። የቅኝ ገዥው ቋንቋ የሥልጣን ቋንቋ ከሆነበት አገር ለመጣ ተማሪ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ያው አማርኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ኢትዮጵያውያን ግን ለሹመትም ለዳኝነትም የግድ መሻገር ያለባቸው ደፍ ነበር።

አስተናጋጆቹም የተማሩት ጥቂት አልነበረም። አገራቸው በቅኝ ባለመገዛቷ የሚኮሩና ራሳቸውን ከቀረው አፍሪካ ነጥለው የሚያዩ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። እንግዶቹ በአንጻሩ ስለ ነጻነት ትግል፣ ስለ ፓርቲና ስለ ተማሪዎች ማኅበር ያለ ፍርሃት ይናገሩ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያ ተማሪዎችን ንቅናቄ መነሻ ሲተርኩ እነዚህን የአፍሪካ ተማሪዎች ሳያነሡ የማያልፉት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1960 የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲደረግ የኮሌጁ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ድጋፋቸውን ገልጠዋል።

ኦኮ በ1962 ተመረቁ። በ1979 የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚሁ ሥልጣን ላይ ዳግም ሳሉም በ1990 ተገደሉ።

ከዚያ ወዲህ የቋንቋው ነገር ራሱ ተለውጧል። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ስዋሂሊን ከእንግሊዝኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። በ2022 ደግሞ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው አድርጎ ተቀበለ። ኦኮ በእንግሊዝኛ በተማሩባት ከተማ ዛሬ የምሥራቅ አፍሪካ ልሳን የጉባኤ ቋንቋ ሆኗል።

ዛሬ በጊጊሪ ስዋሂሊ የሚለማመደው ወጣት እንግዳ ነው፤ የአራት ኪሎዎቹ እንግዶች ግን የአስተናጋጆቻቸውን አስተሳሰብ ጭምር ለውጠው ሄደዋል። እንግዳ የሚቀበለውን ያህል የሚሰጠውም እንዳለው ታሪካቸው ምስክር ነው።