አባትና ልጅ በአንድ ወንበር

የጀርመኖቹ ኮልና ሜርክል እያንዳንዳቸው 16 ዓመት መሩ። የእኛዎቹስ? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በጠቅላይ ሚኒስትርነት ብዙ የቆዩት አቶ መለስ ዜናዊ ናቸው፤ ከ1995 እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ 2012፣ 17 ዓመት።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የንጉሡ ዘመን ነው። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው እስከ 1957 ድረስ 14 ዓመት ገደማ ቆዩ። ልጃቸው እንዳልካቸው መኮንን ግን በ1974 ወንበሩን ይዘው አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ራስ እምሩን የዲሴምበር 1960 መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎች ለጥቂት ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር አሏቸው። ልጃቸው ሚካኤል እምሩ ከእንዳልካቸው ተረክበው ሁለት ወር ሳይደፍኑ ደርግ ንጉሡን አወረደ። 13 ዓመት ያገለገሉት አክሊሉ ሀብተወልድና ያ አምስት ወር ያልሞላው እንዳልካቸው በኖቬምበር 1974 በአንድ ሌሊት ተረሸኑ።

ታዲያ ብዙ መቆየት ሥልጣን መያዝ ነው? አይደለም፤ ያኔ ሿሚውም ሻሪውም ንጉሡ ነበሩ። ደርግማ እስከ 1987 ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል አላስቀመጠም። ካርቱምም ላይ በ1989 ሳዲቅ አል-ማህዲ ሲገለበጡ ቦታው ተሰርዞ እስከ 2017 አልተመለሰም።