አንዲት ልጅ፣ ሁለት መልክ

የድሮ ፊልም የሚወድ ሰው ያየውን ደግሞ ማየት አይሰለቸውም። ቀልዱ የት ጋ እንደሚመጣ እያወቀ እንኳ ቀድሞ ይስቃል። እኔም ሰሞኑን «ዘ ፓቲ ዱክ ሾው» የተባለውን ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ እየደገምኩ ነው የሰነበትኩት። ኤቢሲ ቴሌቪዥን ከመስከረም 1963 እስከ ሚያዝያ 1966 ያስተላለፈው ነው፤ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ክፍሎቹ ከመቶ ይበልጣሉ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ብሩክሊን ሃይትስ በሚባለው የኒውዮርክ ሰፈር ሌን የሚባል ቤተሰብ ይኖራል። አባትየው ማርቲን የጋዜጣ ሰው ነው። ልጁ ፓቲ ስልክ ከጆሮዋ የማይለይ፣ ሮክ ኤንድ ሮል ስትሰማ እግሯ የማያርፍ ቀዥቃዣ ናት። የማርቲን መንትያ ወንድም ልጅ ካቲ ደግሞ ትምህርቷን ልትጨርስ ከስኮትላንድ መጥታ አብራቸው ትኖራለች። ካቲ ረጋ ያለች፣ ብዙ አገር ያየች፣ ንግግሯ የተመጠነ ልጅ ናት። የሁለቱ መልክ ግን ቁርጥ አንድ ነው! እኛ አገር ቢሆን የወንድማማች ልጆች «እህቴ፣ እህቴ» ተባብለው ነገሩ ባለቀ ነበር። እነሱ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳቁበት። ሁለቱንም የምትጫወተው አንዲት ልጅ ናት፤ ፓቲ ዱክ።

በመጀመሪያው ክፍል ፓቲ በፈረንሳይኛ አስተማሪዋ ፍቅር ትያዛለች፤ አስተማሪውን የሚጫወተው የፈረንሳዩ ተዋናይ ዣን ፒየር ኦሞን ነው። በሌላ ክፍል ቤትሲ የምትባል ሦስተኛ ዘመድ ከአትላንታ ትመጣለች፤ የደቡብ ሰው ናትና አነጋገሯ ማር ነው። መልኳስ? ያው ነዋ! እሷንም ፓቲ ዱክ ናት የምትጫወታት። ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ምስሉ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ጊዜ ይቀረጻል፤ አለዚያም አንደኛዋ ጀርባዋን ትሰጣለች። ያ ጀርባ ሪታ ማክላፍሊን የምትባል የሌላ ልጅ ነው። ኮምፒዩተር ያልገባበት ዘዴ ነውና ዛሬም ያስደንቃል። ፓቲን ከካቲ የሚለየው ግን የካሜራው ብልሃት አይደለም፤ የልጅቷ የአንገት አያያዝና አረማመድ ነው።

ሐሳቡን ያመነጨው ሲድኒ ሼልደን ነው። አዎ፣ ያው ልቦለዶቹን በአማርኛ ትርጉም ጭምር ያነበብንለት ሼልደን። ከመጻፉ በፊት ከልጅቷ ጋር ጥቂት ቀን አሳልፎ ነበር። አንዴ ፍልቅልቅ፣ አንዴ ጭምት ስትሆንበት አንዷን ልጅ ሁለት አድርጎ ጻፋት ይባላል። እንግዲህ የእኔ ሳቅ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የዚህችን ልጅ ስም ያወጡት ግን ሥራ አስኪያጆቿ ናቸው። በ1946 ኒውዮርክ ውስጥ ስትወለድ አና ማሪ ነበረች። አባቷን መጠጥ አሸንፎታል፤ እናቷን የመንፈስ ጭንቀት ይዟታል። የሕፃናት ተዋንያንን ሥራ የሚመሩ ባልና ሚስት ቤታቸው ወስደው አሳደጓት፤ «ማሳደግ» ከተባለ። ያን ጊዜ ፓቲ ማኮርማክ የምትባል ሕፃን ተዋናይት ስሟ ገንኖ ነበርና፣ ዕድሏ ቢጋባባት ብለው ይቺንም «ፓቲ» አሏት። አና ማሪ እንደሞተች ቆጥራ ከዚያ ወዲያ ፓቲ እንድትሆን እንደነገሯት በኋላ ራሷ ተርካዋለች።

በ1959 ማየትና መስማት የተሳናትን ሄለን ከለርን ሆና ብሮድዌይ መድረክ ላይ ወጣች። በዚያው ዓመት፣ 13 ዓመት ሳይሞላት፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርባ በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ አስቀድማ መልሱን ተነግሯት እንደነበር መሰከረች። ትልልቆቹ ያቦኩትን ልጅ ስትጋግረው ማለት ይኼ ነው። የሄለንን ታሪክ በፊልም ደግማ በ1963 ኦስካር ስትሸለም 16 ዓመቷ ነበር። ኮሜዲው የጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

ኮሜዲው ለምን ሆሊውድ አልተቀረጸም? የካሊፎርኒያ ሕግ ልጆች በቀን የሚሠሩበትን ሰዓት ይገድብ ነበር፤ ኒውዮርክ ላላ ይላል። ስለዚህ ኒውዮርክ ሆነ። ልጅቷ 18 ሲሞላት ግን ሦስተኛው ዓመት ሎስ አንጀለስ ተቀረጸ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ፣ በአንድ ትዕይንት ላይ ፓቲንም ካቲንም ባየሁ ቁጥር፣ ስንት ሰዓት ቆመች እያልኩ አስባለሁ።

ስክሪኑ ላይ ዊልያም ሻለርት የሚጫወተው አባት ልጁ ስታጠፋ አጠገቧ ቁጭ ብሎ በለሆሳስ ይመክራታል። ካሜራው ሲጠፋስ? ልጅቷ ወደ ሥራ አስኪያጆቿ ቤት ትመለሳለች፤ እንደጻፈችው ከሆነ መጠጥና ክኒን ወደሚሰጧት፣ ክብሯንም ወደነኩባት ቤት። ስትላቀቅ ያፈራችው ገንዘብ አብዛኛው ባክኖ ነበር። በቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ታዋቂ የሆነው ሕፃን ጃኪ ኩጋን ገንዘቡን እናቱና እንጀራ አባቱ ጨርሰውበት ከሰሳቸውና፣ ካሊፎርኒያ በ1939 የልጅ ተዋንያንን ገቢ በከፊል የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ኒውዮርክ ተመሳሳዩን ያወጣችው በ2003 ነው፤ አና ማሪ ሃምሳ ስድስት ዓመት ከሞላት በኋላ!

በ1982 ሐኪሞች ባይፖላር የሚባለው ሕመም እንዳለባት ነገሯት። ሼልደን ያያቸው ሁለት ጠባዮች የዚሁ ሕመም ጅማሬ ይሁኑ ወይስ በሰው እጅ የኖረች ልጅ ጭንቀት፣ ማን ያውቃል? እሷ ግን አልተደበቀችም። በ1987 የሕይወት ታሪኳን «አና ብላችሁ ጥሩኝ» በሚል ርእስ አሳተመች፤ ስለ አእምሮ ጤናም በአደባባይ ተናገረች። ከ1985 እስከ 1988 የፊልም ተዋንያን ማኅበር ፕሬዚዳንትም ነበረች።

ታዲያ ኮሜዲውን ጠላችው? እንዲያውም በ1999 ጎልማሳ ሆና ከነሻለርት ጋር ተመልሳ ፓቲንም ካቲንም ተጫወተች። በመጋቢት 2016 በ69 ዓመቷ አረፈች። የስክሪን አባቷ ሻለርት በአርባኛው ቀን ተከተላት፤ እኛ አርባዋ በምንለው ቀን መሆኑ ነው።

እኔም ቀልዱን አልጣልኩትም። ያስቃል፤ ያሳቀችንም በእውነተኛ ችሎታዋ ነው። ግን ዛሬ ልጅን ካሜራ ፊት የሚያቆመው ስቱዲዮ ብቻ አይደለም፤ ስልክ የያዘ ወላጅ ሁሉ ነው። የሚያስቅ ሕፃን ባየን ቁጥር «ስንት ጊዜ አስደገሙት? ገንዘቡን ማን ያዘው?» ማለት ነውር የለውም። እኔም የሚቀጥለውን ክፍል ስከፍት ይቺን ልጅ በልቤ የምጠራት በመረጠችው ስም ነው፤ አና።