የቁልቋል ችግኝ ተባዮች

የቁልቋል ችግኝ ተባዮች ከዘር የበቀለን ወይም ከእናት ተክሉ ተቆርጦ የተተከለን ለጋ ቁልቋል (ካክተስ) የሚያጠቁ ነፍሳት፣ ቀይ ሸረሪቶች፣ ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ትልቅ ቁልቋል በግንዱ ባከማቸው ውሃና ምግብ ብዙ ወራት ተባይ ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል፤ ችግኝ ግን ያን ያህል ስንቅ የለውም። ከዘር የበቀለ ቁልቋል በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአተር ፍሬ ብዙም ስለማይበልጥ አንድ ቆራጭ ትል በአንድ ሌሊት ብዙ ችግኝ ሊጨርስ ይችላል። በኢትዮጵያ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰው ግን ትል ሳይሆን ኮቺኒል የሚባለው ነጭ ነፍሳት ነው።

ስያሜ

በአማርኛ «ቁልቋል» የሚለው ስም ዝምድና ለሌላቸው ሁለት ዓይነት ዕፅዋት ያገለግላል። በየደጋውና በየወይናደጋው ዛፍ አክሎ የሚታየው የአገሬው ቁልቋል ከዩፎርቢያ ወገን ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፣ ወተቱም ዓይን ከነካ ክፉኛ ይጎዳል። በለስ የሚያፈራው ቁልቋል (ኦፑንቲያ ፊኩስ-ኢንዲካ) ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ እውነተኛ ካክተስ ሲሆን፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ጥርት ያለ ልጋግ ነው። ከባሕር ማዶ መምጣቱን የትግርኛ ስሙ «ቁልቋል ባሕሪ» ራሱ ይናገራል። በከተማ ችግኝ መሸጫዎች «ካክተስ» እየተባሉ ከሚሸጡት መካከልም ዩፎርቢያ የሆኑ አሉ። ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኮቺኒል የሚኖረው በካክተስ ላይ ብቻ ስለሆነ ወተት በሚያፈስ ተክል ላይ የታየ ነጭ ነገር ሌላ ተባይ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ነጩን ነገር መለየት

በችግኝ ላይ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር ሲታይ አራት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው ተባይ አይደለም። ብዙ የካክተስ ዝርያዎች እሾሁ በሚወጣበት ነጥብ ላይ የተፈጥሮ ሱፍ አላቸው፤ አንዳንዶቹም መላ አካላቸው በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነው። ይህ ነገር በመስመር የተሰደረና በሁሉም ነጥብ ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይለያል። ጀማሪዎች ይህን ሱፍ ተባይ መስሏቸው በጥፍር እየፋቁ ጤነኛ ችግኝ ያቆስላሉ።

ሁለተኛው ሚሊባግ ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ለስላሳ ነፍሳት ሲሆን በእሾሆቹ ሥርና በግንዱ ስርጉድ ውስጥ ተወሽቆ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። በእንጨት ስንጥር ሲነኩት ቀስ ብሎ ይሄዳል። የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ጉንዳን ይጠራል፤ ጉንዳኑም ሚሊባጉን ከጠላቶቹ ስለሚጠብቅለት፣ በማሰሮ ዙሪያ የጉንዳን ሰልፍ ካለ ተባዩን ፈልጎ ማየት ይገባል። ከዚሁ ወገን ሥር ላይ የሚኖር አለ። እርሱ ከላይ አይታይም። ችግኙ ያለ ምክንያት ማደግ ሲያቆም ከማሰሮው ሲነቀል፣ በሥሩና በማሰሮው ግድግዳ ላይ ኖራ የተቀባ የሚመስል ነጭ ብናኝ ይገኛል።

ሦስተኛው ቅርፊታም ተባይ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ፣ ጠፍጣፋና ክብ ቅርፊት ለብሶ ግንዱ ላይ ይለጠፋል፤ በጥፍር ሲፈነቀል ከሥሩ ነፍሳቱ ይገኛል።

አራተኛው ኮቺኒል ነው። ከላይ ሲያዩት ከሚሊባግ ጋር ቢመሳሰልም ትልቋ ሴት ከተቀመጠችበት አትንቀሳቀስም፤ ክንፍም የላትም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በወረቀት ላይ ሲጨፈልቋት እንደ ደም የደመቀ፣ ጣትን የሚያቀልም ቀይ ፈሳሽ ይወጣታል። ይህ ቀለም ካርሚኒክ አሲድ የሚባለው ነው።

የራያ ኮቺኒል

በለስ የሚያፈራው ቁልቋል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካቶሊክ ሚሲዮናውያን በኩል ወደ ትግራይ እንደገባ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በምሥራቅና በደቡብ ትግራይ ለቤተሰብ የክረምት ምግብ፣ ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለአፈር መጠበቂያ ሆኗል። ፍሬው የሚደርሰው የአሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ባልደረሰበት ወቅት ስለሆነ ዋጋው ከፍራፍሬ በላይ ነው። በክረምት በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር በቢላ እየተላጠ የሚሸጠውም ይኸው በለስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ኮቺኒል (ዳክቲሎፒዩስ ኮኩስ) ሆን ተብሎ ወደ ትግራይ እንዲገባ ተደረገ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ከደረቀው ነፍሳት የሚገኘው ካርሚን በምግብና በመዋቢያ ፋብሪካዎች «ኢ120» በሚል መለያ የሚታወቅ ውድ ቀይ ቀለም ነው፤ የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦችም ስፔናውያን ከመድረሳቸው በፊት ጀምሮ ነፍሳቱን እያረቡ ጨርቅ ያቀልሙበት ነበር። አንድ ኪሎ ደረቅ ኮቺኒል ለማግኘት ከ100,000 በላይ ነፍሳት መለቀም አለባቸው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ኮቺኒል ሰብል የሚሆነው ያለማቋረጥ የሚለቅመው ሲኖር ብቻ ነው፤ ሳይለቀም ሲቀር ተባይ ይሆናል። በራያ አዘቦና በአካባቢው የሆነውም ይህ ነው። ነፍሳቱ ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ ወደ ገበሬው ቁልቋል ተዛመተ፤ ብዙ የቁልቋል መስክም ደረቀ።

የሚዛመተው በሁለት መንገድ ነው። አዲስ የተፈለፈሉት ግልገሎች ከአካላቸው ረጃጅም የሰም ክሮች ስለሚያወጡ ነፋስ ይሸከማቸዋል፤ በእንስሳት ጸጉርና በሰው ልብስም ይጓዛሉ። ሁለተኛውና የከፋው መንገድ ሰው በእጁ የሚያጓጉዘው የተበከለ ችግኝ ነው። ቁልቋል በብዛት የሚባዛው በተለምዶ ቅጠል የሚባለውን ጠፍጣፋ ግንድ ቆርጦ በመትከል ስለሆነ፣ ጥቂት ነፍሳት የተጣበቁበት አንድ ቅጠል በአውቶቡስ ተጭኖ አዲስ ወረዳ ሊበክል ይችላል።

ተመሳሳይ አደጋ በሌሎች አገሮችም ታይቷል። በሞሮኮ የኮቺኒል ዘመድ የሆነው ዳክቲሎፒዩስ ኦፑንቲዬ እ.ኤ.አ. በ2014 በሲዲ ቤኑር አካባቢ ከታየ በኋላ የአገሪቱን ሰፊ የቁልቋል መስክ አውድሟል፤ የሞሮኮ ተመራማሪዎችም ተባዩን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ለተከላ አቅርበዋል። በኬንያ ላይኪፒያ ግን ይኸው ነፍሳት የተለቀቀው በበጎ ነው፤ የግጦሽ መሬት የወረረውን ኦፑንቲያ ስትሪክታ የተባለ እሾሃማ ቁልቋል እንዲያጠፋ።

በአዲስ አበባ ሁኔታ

በከተማ በማሰሮ የሚያድግ ችግኝን የሚያጠቃው ተባይ እንደ ወቅቱ ይለያያል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ እንደ ቀሪው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በእነዚህ ወራት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ማሰሮ አፈሩ ሳይደርቅ ይሰነብታል። እርጥብ ብስባሽ ውስጥ ትንኝ የምታህል ጥቁር ዝንብ ትፈለፈላለች፤ ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነው ብርሃን አሳላፊ ትሏ የችግኙን ለጋ ሥር ይበላል። ቀንድ አውጣም የሚበረታው ያኔ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ትቶ ስለሚሄድ በእጅ ባትሪ ማታ ማታ ይለቀማል። ችግኙ ከሥሩ ቀጥኖና ውሃ አዝሎ ከወደቀ ግን ጥፋቱ የሻጋታ ነው፤ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት አይረዳውም።

በበጋ ደግሞ በፀሐይ በጋለ ግድግዳ አጠገብ ወይም በመስኮት ውስጥ ቀይ ሸረሪት ይበዛል። በዓይን በጭንቅ የሚታይ ሲሆን ምልክቱ ጫፉ ላይ የሚጀምር ዝገት መሰል ቡናማ ጠባሳና ስስ ድር ነው። ከታች ከግርጌው ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ቡሽ መሰል ቡናማ ቅርፊት ግን የዕድሜ ምልክት ስለሆነ አያሳስብም።

መከላከልና መቆጣጠር

አዲስ የተገዛ ችግኝ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢያንስ አንድ ወር ቢቀመጥ ብዙ ድካም ያስቀራል። ለተከላ የሚቆረጥ ቅጠል በሁለቱም ገጹ ተመርምሮ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆያል፤ ይህ ጊዜ መበስበስን ይከላከላል፣ የተደበቀ ተባይም እስኪታይ ያስጠብቃል። ከኮቺኒል አካባቢ ቅጠል አለማውጣት ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

ጥቂት ሚሊባግ የታየበት የማሰሮ ችግኝ 70 በመቶ አልኮል በነከረ ጥጥ ወይም በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይጠረጋል። ሲበዛ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጦ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መርጨትና በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይቻላል። አመድማ ሰም የለበሱ ዝርያዎች ላይ ግን ሳሙናና ዘይት ሰሙን ገፎ ተክሉን ለፀሐይ ቃጠሎ ስለሚያጋልጥ ጥጥ ይሻላል። ዕንቁላሎቹ ከመጀመሪያው ርጭት ስለሚተርፉ ሥራው በየ7 እስከ 10 ቀኑ ሦስት አራት ጊዜ መደገም አለበት። ሥር ላይ ላለው ችግኙን ነቅሎ፣ አፈሩን ጥሎ፣ ሥሩን አጥቦና አድርቆ በአዲስ አፈር መትከል ነው። የማሰሮውን ገጽ በጠጠር መሸፈንና አፈሩ ሳይደርቅ ውሃ አለመጨመር ዝንቧን ዕንቁላል መጣያ ያሳጣታል። እህል ለማቆየት የተገዛ ማላታይዮን ልጆች በሚጫወቱበት በረንዳ ላይ ለሁለት ማሰሮ ብሎ መርጨት አያስፈልግም፤ የጥርስ ብሩሽ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በመስክ ላይ ኮቺኒል የያዘው ቅጠል ተቆርጦ ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ቆርጦ መሬት ላይ መተው ጉዳቱን ያብሳል፤ የወደቀው ቅጠል ልጋጉ እስኪደርቅ ብዙ ሳምንት ስለሚወስድ ነፍሳቱ በላዩ መፈልፈሉን ይቀጥላል።