ገራዟ ማን ናት? የ«ኮርንፍሌክ ገርል» ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1994 መጀመሪያ አንድ ዘፈን በእንግሊዝ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ርዕሱ «ኮርንፍሌክ ገርል» ነው፤ የቁርስ ማስታወቂያ የመሰለው ሰው አይፈረድበትም። ዘፋኟ አሜሪካዊቷ የሰባኪ ልጅ ቶሪ ኤመስ ናት፤ ጊታር በነገሠበት የአማራጭ ሮክ ዘመን ፒያኖዋን ይዛ የገባች።

ኤመስ ዘፈኑን የጻፈችው የአሊስ ዎከርን የ1992 ልቦለድ አንብባ ነው። መጽሐፉ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ነው። እሷን ያስደነገጣት ግን ምላጩ ብቻ አልነበረም። ልጅቱን ወደ ምላጩ የምትወስዳት ሴት መሆኗ፣ ያውም የምታምናት የገዛ ዘመዷ መሆኗ ነው። ኤመስና ጓደኞቿ ቀርበው የሚከዱ ሴቶችን «ኮርንፍሌክ»፣ የማይከዱትን «ዘቢብ» ይሏቸው ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ዘቢቡ ስንት እንደሆነ የበላ ያውቀዋል!

ብዙ የዘመቻ መዝሙሮች «ጎጂ ባህል» ብለው ያልፋሉ። ባህል ግን እጅ የለውም፤ ይህ ዘፈን የሚበልጣቸው እጁን ስለሚፈልግ ነው። እኛም ጋ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ከልክሏል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። አብዛኞቹን ይዛ የሄደችው ፖሊስ ጋ ሊከሷት የሚከብድ ሴት ናት፦ እናት፣ አያት፣ አክስት።