ጦርነት የተወው ጠመንጃ

ማርሊን 39ኤ የተባለውን ጠመንጃ ለመፍታት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። በቀኝ ጎኑ ያለችውን ራሰ ሰፊ ብሎን በሳንቲም ላላ ላላ አድርጎ በጣት ማዞር ይበቃል። ያን ጊዜ ጠመንጃው ከወገቡ ለሁለት ይከፈላል፤ አፈሙዙ በአንድ ወገን፣ ሰደፉ በሌላ ወገን ይቀራል። ባለቤቱ አፈሙዙን ከኋላ በኩል ወልውሎ መልሶ ይገጥመዋል። በአሜሪካ ገጠር ይህን ሥራ ከአያታቸው የተማሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጠመንጃውም አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አያት ነው። አባቱ ያወረሱትን ምንሽር በዘይት እያሸ የሚያኖር የአገራችን ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ምንሽር የጦር ሜዳ ዕቃ መሆኑ ነው። የይኼኛው ዘር ግን ጦርነትን ከተወ መቶ ዓመት አልፎታል። በእኔ እምነት የተወደደውም ስለዚህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥይቱ ነው። ዛሬ ወታደር የሚታጠቀው ጥይት በቂጡ መሀል ተቀጣጣይ የያዘች ትንሽ ቆብ አለችው። የ39ኤ ጥይት ግን ቆብ የለውም፤ ተቀጣጣዩ በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተሞልቷል፤ መርፌው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይለኩሰዋል። መንገዱን የጀመረው ፈረንሳዊው ፍሎበር ሲሆን ዘመኑም 1845 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1857 አሜሪካውያኑ ስሚዝና ዌሰን ለትንሿ ሽጉጣቸው ነጥብ 22 ጥይት (ቁጥሩ ስፋቱን በኢንች ይናገራል) አወጡ። ቀጥሎ ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ የሚባል መካኒክ ሐሳቡን ወደ ነጥብ 44 አሳድጎ፣ በ1860 ጥቅምት ወር 16 ጥይት ለሚጎርስ ጠመንጃ የፈጠራ መብት ተቀበለ። አሠሪው ኦሊቨር ዊንቸስተር ይባላል፤ ሀብቱን ያገኘው ከሸሚዝ ፋብሪካ ነበር።

የሄንሪ ጠመንጃ የሚቀባበለው ከቃታው ሥር ባለው የብረት ማንሻ ነው። ማንሻው ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ መምቻውም ይወጠራል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አብዛኛው ወታደር በአፈሙዝ ባሩድ እየጠቀጠቀ አንድ በአንድ ይተኩስ ስለነበር ይህ ተአምር ነበር። መንግሥት ግን የገዛው ከ2000 ያነሰ ነው። የኢሊኖይ ወታደሮች ከሦስት ወር ደመወዝ በላይ ከኪሳቸው እያወጡ ገዙ። ለፕሬዚዳንት ሊንከን የተበረከተውና ወርቅ የተለበጠው ሄንሪ ዛሬ ስሚዝሶንያን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ሞንታና ውስጥ ያለው የሊትል ቢግሆርን ሜዳ ለዚህ ጠመንጃ ልዩ ምስክር ነው። በ1876 ሰኔ ወር የአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር አዛዡ ጆርጅ ካስተር ከአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ከላኮታና ከሸያን ተዋጊዎች ጋር ገጥሞ፣ በራሱ ሥር ከነበረው ጭፍራ ጋር ያለቀበት ቦታ ነው። የካስተር ፈረሰኞች የያዙት አንድ ጎራሽ ስፕሪንግፊልድ ነበር። በ1983 ሰደድ እሳት የሜዳውን ሣር በላው፤ በቀጣዩ ዓመት አርኪዎሎጂስቶች ብረት ጠቋሚ ይዘው መሬቱን ማሰስ ያዙ። ከለቀሟቸው መካከል የሄንሪና የተከታዩ የዊንቸስተር 1866 ቀለሆች ነበሩ። የእነዚህ ጠመንጃዎች መርፌ ጠርዙን በሁለት ቦታ ይመታል፤ የእያንዳንዱ መርፌ አሻራም ከሌላው ይለያል። ተመራማሪዎቹ በዚህ ተመርተው አንድ ጠመንጃ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንዳለፈ እስከ መከተል ደረሱ። የጠርዝ ጥይት ባይሆን ኖሮ ታሪኩ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚነበብ አይመስለኝም። ከካስተር ውጊያ በዓመቱ፣ በ1877፣ ደግሞ በዛሬዋ ቡልጋሪያ፣ ፕሌቭና ላይ፣ በጦር አዛዡ በዑስማን ፓሻ የሚመሩት ቱርኮች ዊንቸስተር 1866 ይዘው ወደ ምሽጋቸው የቀረበውን የሩስያ እግረኛ አጨዱት።

ያ የትልቁ የጠርዝ ጥይት የመጨረሻ ክብር ነበር። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ጠርዝ ደግሞ ብዙ ባሩድ አይችልም። በዚያ ላይ አንዴ የተተኮሰ ቀለህ ተመልሶ አይሞላም። የዊንቸስተር ኩባንያ በ1873 ባለቆቡን ነጥብ 44 ሲያወጣ ትልቁ የጠርዝ ጥይት ማርጀት ጀመረ። ትንሹ ነጥብ 22 ግን ቀረ፤ ርካሽ ነው፣ ትከሻ አይመታም፣ ድምፁም ጎረቤት አይረብሽም። ዊንቸስተር 1873ን በነጥብ 22 ሠርቶ ቢሞክርም ጠመንጃው ለጥይቱ ከልክ በላይ ከባድ ነበርና ብዙ ሳይሸጥ ቀረ።

የተሳካለት ተፎካካሪው ነው። ጆን ማርሊን ዊንቸስተር በነበረበት በኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ፋብሪካ ነበረው፤ ሉዊስ ሄፕበርን የተባለው ነዳፊው በ1891 የሠራው ጠመንጃ አጭሩንም ረጅሙንም ነጥብ 22 እያቀላቀለ ይጎርስ ነበር። ዝነኛዋ ተኳሽ አኒ ኦክሊ በማርሊን ትተኩስ ነበር። ለሁለት መከፈል የመጣው በ1897 ሲሆን፣ 39ኤ ተብሎ የተሰየመው ደግሞ በ1939 ነው። ከዚያ ወዲህ ጣሳ የደረደረ ልጅና ሽኮኮ የሚያድን ገበሬ ጓደኛ ሆኖ ኖረ። ማንሻው በየተኩሱ እጅን ስለሚያሠራ ልጁ ጥይት ከመርጨት ይልቅ ማነጣጠር ይማራል። ከፊል አውቶማቲኩ ሩገር 10/22 በ1964 ሲመጣ ርካሽም ፈጣንም ነበር፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አንድ ካርቶን ጥይት ከመጨረስ ሌላ ብዙም የሚያስተምረው የለም።

39ኤን የጎዳው ዋጋው ነው። ከተቀጠቀጠ ብረት እየተፋቀ የሚወጣ አካል ርካሽ ሊሆን አይችልም። ተወዳዳሪው የዊንቸስተር 9422 ከ1972 እስከ 2005 ተሠርቶ ቆመ። ሌላው ተወዳዳሪ ብራውኒንግ ቢኤል-22 በጃፓኑ ፋብሪካ ሚሮኩ ይመረታል። ብሩክሊን ላይ የተቋቋመውና የቀድሞውን ሄንሪ ስም የወሰደው አዲሱ ኩባንያ ከ1997 ጀምሮ በርካሽ ሽፋን የተሠራ ነጥብ 22 እየሸጠ ገበያውን ያዘ፤ ማንሻው ለስላሳ ስለሆነ አይናቅም። ማርሊንን ደግሞ የጠመንጃ ኩባንያው የሬሚንግተን ባለቤቶች ገዝተው ከኮነቲከት ወደ ኒው ዮርክ ግዛት አዛወሩት፤ የነባር ሠራተኞች እጅ ግን አብሮ አልተዛወረም። ሬሚንግተን በ2020 ሲከስር ስሙን በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ያው ሩገር ነው።

ስለዚህ ፈላጊው የሚያማትረው ወደ አሮጌዎቹ ነው። ከ1988 በኋላ የተሠሩት የደኅንነት ቁልፍ በጎናቸው ስላላቸው ሰብሳቢው ያለ ቁልፍ የሆነውን ይመርጣል። ከ1973 ወዲህ ላሉት የመለያ ቁጥሩ ራሱ ዕድሜ ይናገራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች 23 ከሆኑ ከ100 ይቀነሳሉ፣ 77 ይቀራል፣ ጠመንጃውም የ1977 ነው። ባዶውን ቃታ መሳብ ግን ነውር ነው፤ መርፌው የጥይት ቤቱን ጠርዝ እየደበደበ ያበላሸዋል። የዋልነት ሰደፉን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ ማሳመርም እንዲሁ፤ ውበት የጨመረ መስሎት ዋጋውን በግማሽ የሚያወርድ ሰው አይጠፋም። ከሰደፉ ሥር ጥቁርና ነጭ የዒላማ ክብ የሚመስል ምልክት ከሌለ ደግሞ ሰደፉ የተቀየረ ሊሆን ይችላልና ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩን መጠየቅ ነው።