15 ደቂቃ ብቻ ብሎ የመጣው ሐኪም

ሐኪምም በመጠጥ ሱስ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ዶ/ር ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም መጠጥ ማቆም አቅቶት ነበር። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት የሆነው የኒውዮርኩ ቢል ዊልሰን ለሥራ እዚያ ሄዶ ሳይሳካለት ቀረ። የሆቴሉ ባር ሲያማልለው፣ የሚያናግረው ሌላ ጠጪ በስልክ አፈላለገ። ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ ብሎ መጣ፤ ከ6 ሰዓታት በላይ አወሩ። ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙም መጠጥ አቆመ፤ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበርም እንዲህ ተጀመረ።

እርስዎም ሆኑ ልጅዎ በዚህ ከተቸገሩ፣ በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ስብሰባ የት እንዳለ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ክፍያ የለውም፤ መናገርም ግዴታ አይደለም።

ማሳሰቢያ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል፤ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር።