ሸርጣንና የመስታወት ሣጥን፦ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንጻር የታየ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ አነስተኛ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዕፅዋት በተተከሉበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ትንንሽ የየብስ ሸርጣኖችን ማኖር በአውሮፓና በእስያ ከተሞች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እኔ ግን ነገሩን የማቀርበው እንደ መዝናኛ ሳይሆን እንደ ታሪክ ጥያቄ ነው፤ ሕይወት ያለውን ነገር ከቦታው አንሥቶ ማኖር ምን ዕውቀት አስገኘ? ምንስ አስከፈለ?

ከስሙ እንነሣ። «ሸርጣን» ከዐረብኛው «ሰረጣን» ጋር የተዛመደ ቃል ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀውም ከወንዝ ዳር ሳይሆን ከዐሥራ ሁለቱ የኮከብ ስሞች፣ ከገውዝ ቀጥሎ ከአሰድ በፊት ሲጠራ ነው። በማዕድ ላይ ደግሞ ቦታ የለውም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት እንዳይበላ ይከለክላልና። ያልተበላና ያልተሸጠ እንስሳ በግብር መዝገብም ሆነ በገበያ ወሬ እምብዛም አይገባም። የሸርጣን ታሪክ በእኛ ዘንድ የሳሳው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የመስታወቱ ሣጥን ግን ብዙ የተጻፈለት ታሪክ አለው። ናትናኤል ዋርድ የተባለው የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1829 በተከደነ ብርጭቆ ውስጥ ዕፅዋት ሳይጠወልጉ እንደሚቆዩ አስተዋለ። ብዙም ሳይቆይ በዚሁ ዘዴ ችግኞች በመርከብ ከክፍለ ዓለም ወደ ክፍለ ዓለም ተጓዙ፤ የቻይና ሻይ ወደ ሕንድ የተሻገረውም በእነዚህ ሣጥኖች ጭምር ነው። እንግዲህ ሣጥኑ ገና ከጅምሩ ማሳያ ብቻ ሳይሆን ማሻገሪያም ነበር።

ስለ ሸርጣኖቹም እንዲሁ ነው። ከጃቫ ደሴት የተገኙ ሁለት የጌኦሴሳርማ ዝርያዎች ለዓመታት በነጋዴዎች እጅ ሲዘዋወሩ ቆይተው ሳይንሳዊ ስም ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ገበያው ከዕውቀት ቀደመ ማለት ነው።

በአገራችን መሻገር ያስከተለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ካርፕ የተባለው ዓሣ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ገባ፤ ዛሬ በበርካታ ውኆቻችን ይገኛል፤ ለምግብም ውሏል። በሌላ በኩል እንቦጭ በውብ አበባው ተወድዶ ከደቡብ አሜሪካ በዓለም የተሠራጨ ተክል ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና መግባቱ ታወቀ። ለጌጥ የተወደደው ተክል የዓሣ አጥማጁን መንገድ ዘጋ።

ሦስቱን ከተሞች የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ውኃቸው ወደ አንድ ስፍራ አይፈስም። ሰበታና ቡራዩ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ የቡራዩው ገፈርሳ ያረፈው በትንሹ አቃቂ ላይ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ግን ከእንጦጦ ጀርባ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይገብራል። የንጹሕ ውኃ ሸርጣን ልጆቹ እንደ ባሕሩ ዘመዱ በማዕበል አይበተኑም፤ ከእናታቸው ሆድ ሥር ትንንሽ ሸርጣን ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ በተራራ የተለያዩ ውኆች በረጅም ዘመን የተለያዩ ዝርያዎችን ሊያፈሩ ይችላሉ። በባልዲ የሚደረግ የአንድ ሰዓት ጉዞ ያንን የዘመናት መለያየት ያፈርሳል።

ታዲያ ማኖር ይከልከል ማለቴ ነውን? አይደለም። በሰበታ የሚገኘው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል እንደሚያሳየው፣ በቁጥጥር ማርባት ዕውቀትም ምግብም ያስገኛል። በኬንያም ተመራማሪዎች የአንዲት የጥቁር ዝንብ ዝርያን እጭ በወንዝ ድንጋይና ቅጠል ላይ ለዓመታት ፈልገው አጥተውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ሸርጣኑ ላይ ተጣብቆ አገኙት። ያቺ ዝንብ ዓይን የሚያሳውረውን የኦንኮሰርካ ትል የምታስተላልፍ ነበረች። ሸርጣንን ቀርቦ መመልከት የሰው ዓይን አድኗል።

እንግዲህ ተማሪዎቻችን ሣጥን ቢያዘጋጁ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ የመጣበት ወንዝና ቀን ይመዝገብ፤ ከአንዱ ተፋሰስ የተያዘው ወደ ሌላው አይለቀቅ፤ የውጭ እንስሳም ሆነ ተክል ከነውኃው ወደ ወንዝ አይደፋ። ወንዞቻችን በፋብሪካና በቤት ፍሳሽ እየተጎዱ ባሉበት በዚህ ዘመን፣ ዛሬ የምንጽፈው ማስታወሻ ለነገው ታሪክ ጸሓፊ ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።